ጉዳዩ፦ አሮጌ ኮምፒዩተር ስለመፈለግ

ያን ጊዜ ነፋስ መውጫ ላይ የኮምፒዩተር ጥገናና የጽሕፈት ቤት ነበረኝ። ቤት ስል አንድ ክፍል፣ ሁለት ኮምፒዩተር፣ አንድ ማተሚያና አንድ አግዳሚ ወንበር ማለቴ ነው። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሣለሁ፣ የሞተ ኮምፒዩተር አስነሣለሁ። መብራት ሲጠፋ በር ላይ ተቀምጬ ስልኬን አያለሁ። መብራት ብዙ ጊዜ ስለሚጠፋ ስልኬን ብዙ ጊዜ አያለሁ።

በስልኬ ከምከታተላቸው አንዱ ስለ ድንቅ ነገር የሚወራበት የአማርኛ ግሩፕ ነበር። በሰማይ ስለሚበር ዕቃ፣ ስለ ተሰወረ መርከብ፣ ከተቀበሩ በኋላ ቤታቸው ስለ ተመለሱ ሰዎች ይወራበታል። የገባሁት ለመሳቅ ነው። ውዬ አድሬ ግን አራሚ ሆንሁ። አንዱ የተቀናበረ ፎቶ ሲለጥፍ፣ የሰውየው ጥላ በቀኝ የዛፉ ጥላ በግራ መውደቁን አሳይቼ ውሸት መሆኑን እጽፋለሁ። ከዚያ ሁለት ሦስት ሰው ይሰድበኛል፣ እኔም ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ።

በ፳፻፮ ዓ.ም. ግንቦት ላይ በዚያ ግሩፕ አንድ ጽሑፍ ወጣ። የጻፈው ሰው ስምም ፎቶም አልነበረውም። ጽሑፉ እንዲህ ይላል፦

«ጉዳዩ፦ አሮጌ ኮምፒዩተር ስለመፈለግ። ከላይ በርእሱ ለመጥቀስ እንደተሞከረው፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ለተደረገ የገብስ ጥናት ሲሠራባት የነበረች አንዲት ኮምፒዩተር በመፈለግ ላይ እገኛለሁ። እኔ የመጣሁት ከ፳፻፵፫ ዓ.ም. ሲሆን፣ የተነሣሁትም በፋሲካ ማግስት፣ ሰኞ ሚያዝያ ፲፫ ቀን፣ ዶሮ በልቼ ነው። በዚያች ኮምፒዩተር የተመዘገቡት የገብስ ዘሮች በእኛ ዘመን ጠፍተዋል። የኮምፒዩተሯ ምልክት፦ ሁለት የዲስኬት አፍ አላት፣ አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ። ስትነሣ ግራ ጎኗን በመዳፍ መምታት ያስፈልጋል። ከገበታዋ አንድ ቁልፍ ተነቅሎ ስለጠፋ በእርሳስ ጫፍ ነው የሚጫኑት። ያለችበትን የሚያውቅ ሁሉ እንዲተባበረኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ከሰላምታ ጋር።»

ከሰላምታው በታች ሁለት ፊደላት በእዝባር ተለያይተው ተጽፈዋል። ልብ አላልኋቸውም። ከጽሑፉ ጋር አንድ ፎቶ ነበር፤ ዳርና ዳሩ በተበሳ በዚያ በድሮው የማተሚያ ወረቀት ላይ የገብስ ስሞች ተደርድረው ይታያሉ። ከወረቀቱ አናት ላይ በፈረንጅ አቆጣጠር የ1980 ዓመት የመጀመሪያው ቀን ታትሟል።

ግሩፑን ያመሰው ጽሑፉ ሳይሆን ይህ ቀን ነው። በዚያ ዘመን ጋይንት ውስጥ ኮምፒዩተር ቀርቶ የጽሕፈት መኪና ያለው መሥሪያ ቤት ስንት ነበር? የግእዝ ፊደል በኮምፒዩተር የሚያትምስ ማን ነበር? ስለዚህ፣ አለ አንዱ፣ ሰውየው ብቻ ሳይሆን ኮምፒዩተሯም በዘመን ውስጥ ተመላልሳለች። ሌላው፣ ሰውየው እስኪመጣ ድረስ እንድትጠብቀው ቀድማ የተላከች ናት ብሎ ጻፈ። ሦስተኛው፣ ጎኗን መምታት ማለት ምናልባት የዘመን በር መክፈቻው ነው አለ።

እኔ የዚያን ዕለት መብራት ጠፍቶብኝ ነበር። ስለዚህ ረጅም መልስ ጻፍሁ። የዚያ ዘመን ኮምፒዩተር በሆዷ ትንሽ ባትሪ አላት፤ ቀኑን የምታስታውሰው በእሷ ነው። ባትሪዋ ከሞተ በተነሣች ቁጥር ቀኑን ረስታ ወደ 1980 የመጀመሪያ ቀን ትመለሳለች። እኔ በዚህ ቤት አምስት እንዲህ ያሉ ኮምፒዩተሮች ጠግኛለሁ፤ አምስቱም የመጡት ከዚያ ቀን ነበር።

«አንተ የጥገና ሰው ነህ» ብሎ መለሰልኝ አንዱ። «ስለ ባትሪ አውራ። ስለ ዘመን አታውራ።»

በማግስቱ ግን ለብቻዬ አንድ መልእክት መጣልኝ። የላከችው እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ፣ መድኃኒት ቤት የምትሠራ ሴት ነበረች። «ስለ ባትሪው ያሉት ልክ ነው» ትላለች። «እዚህም የድሮው ኮምፒዩተራችን እንዲሁ ያደርግ ነበር። መድኃኒቱ ሁሉ ገና ያልተሠራ ነው እያለ አስቸግሮናል።» መለስሁላት፤ መለሰችልኝ። በሦስተኛው ቀን አንቱታው ቀረ። ተስማማን፦ ይህን ሰውዬ ማን እንደሆነ ሳናገኝ አንተወውም። ለምን እንደሆነ ሁለታችንም በደንብ አናውቅም ነበር። እሷ ቀኑን ሙሉ የሐኪም ጽሕፈት ስታነብ ትውላለች፤ የማይነበብ ነገር ትወዳለች። እኔ ደግሞ ሰው መዋሸት ካለበት በሙያዬ ባይዋሽ እመርጣለሁ።

በዚያ ሰሞን አንድ የባሕረ ሐሳብ መምህር የእጅ ጽሑፋቸውን እንድጽፍላቸው ማክሰኞና ሐሙስ ይመጡ ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ ደብር ነው የሚያስተምሩት። አግዳሚው ላይ ይቀመጡና እኔ ስጽፍ አንድ አንዷን ፊደል ይከታተላሉ፤ ኀውን በሃ ከጻፍሁ በትራቸው ወለሉን ትመታለች። ሐሙስ ዕለት ሥራችን መካከል ላይ ጠየቅኋቸው።

«የኔታ፣ የሁለት ሺህ አርባ ሦስት ፋሲካ መቼ ይውላል?»

ለምን እንደሆነ አልጠየቁኝም። የጣታቸውን አንጓ በአውራ ጣታቸው መቁጠር ጀመሩ።

«ዓመተ ዓለሙ ሰባት ሺህ አምስት መቶ አርባ ሦስት። በዐሥራ ዘጠኝ ሲገደፍ ትርፍ የለውም። ወንበሩ ዐሥራ ስምንት። አበቅቴው ዐሥራ ስምንት፣ መጥቅዑ ዐሥራ ሁለት።» ወደ ሌላው እጃቸው ተሻገሩ። «ነነዌ የካቲት ሃያ ይገባል። ፋሲካ ሚያዝያ ሃያ ዘጠኝ።»

«ሚያዝያ ዐሥራ ሦስትስ ምን ቀን ነው?»

«ዓርብ ነው። ከገብር ኄር ቀጥሎ ያለው ዓርብ። ጾም ነው።»

«አንድ ሰው በዚያ ቀን፣ ሰኞ ነው ብሎ፣ ዶሮ በልቼ ተነሥቼ መጣሁ ይላል።»

«ከየት ነው የመጣው?»

«ከዚያው ዓመት ነው የመጣሁት ነው የሚለው፣ የኔታ። ከሚመጣው።»

የኔታ ነገሩን ከልባቸው አሰቡት። «ውሸታም ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው» አሉ። «እውነቱን ከሆነ ግን በዐቢይ ጾም፣ ያውም በዓርብ፣ ዶሮ በልቷል። ንስሐ አባት ያሻዋል። ይህን ንገረው።» ከዚያ በትራቸውን ወደ ግድግዳዬ ካሌንደር አነሡ። «ሰኞ ሚያዝያ ዐሥራ ሦስት የፋሲካ ማግስት የዋለው ዘንድሮ ነው። ያለፈው ወር። እዚያ ላይ ተጽፏል።»

አየሁት። እውነትም ተጽፏል። የሚመጣው ዘመን ሰው ቀኑን የገለበጠው ከዘንድሮ የግድግዳ ካሌንደር ነበር።

ይህን ሁሉ፣ የንስሐውን ምክር ጨምሬ፣ ግሩፑ ላይ ጻፍሁት። ግሩፑ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ «አበቃለት» አለ። ግማሹ እስከዚያ ድረስ የዘመን አቆጣጠሩ ተለውጦ ይሆናል ብሎ ተከራከረ። አመሻሹ ላይ ግን ያልጠበቅሁት ሆነ። እስከዚያ ቀን ለማንም መልስ ሰጥቶ የማያውቀው ሰውዬ ለእኔ መለሰ።

«ለየኔታ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ስሕተቱ የቀን አቆጣጠር እንጂ ጾሙን በልቼው አይደለም። በጸሎታቸው እንዲያስቡኝ እጠይቃለሁ። ከሰላምታ ጋር።»

ማክሰኞ ለየኔታ አነበብሁላቸው። «እግዚአብሔር ይፍታው» አሉና አንድ የተዘለለች መስመር አሳዩኝ።

ያን ዕለት ማታ የእስቴዋ ሴት ደወለችልኝ። «መልሱን አየኸው?» አለችኝ። «ከሰላምታው በታች ያሉትን ሁለት ፊደላት አየሃቸው? በመጀመሪያውም ላይ ነበሩ። የመድኃኒት መጠን መስለውኝ ነበር።»

አፈርሁ። በጽሕፈት ሥራ የምኖር ሰው ይህን ማየት ነበረብኝ። የድሮ ጸሐፊዎች ደብዳቤ ሲጽፉ፣ ማን እንደጻፈው እንዲታወቅ የስማቸውን መነሻ ፊደል ከግርጌ ያኖራሉ። ከሚመጣው ዘመን የመጣ ሰው ርእስ ይጽፋል፣ በትሕትና ይጠይቃል፣ ከሰላምታ ጋር ይላል፣ ከዚያም የጸሐፊ ምልክት ያኖራል። ይህ ሰው ጸሐፊ ነው። ምናልባትም ሴት ናት። በዚያች ኮምፒዩተርም ሠርታለች፤ ጎኗን መምታት እንደሚያስፈልግ ከሩቅ ያየ ሰው አያውቅም።

ስለ ገብስ ጥናቱ የኔ ከተማ ሽማግሌዎች ያስታውሱ ነበር። ከደርግ መውደቅ በኋላ ባሉት ዓመታት የመጣ ፕሮጀክት ነው፤ ቢሮው ወገዳ ነበር፤ ጥቂት ዓመት ሠርቶ ተዘጋ። እኔም ለአንድ የማተሚያ ጥገና ወገዳ መሄድ ነበረብኝ። ግንቦት ሊያልቅ ሲል ሄድሁ። መንገዱ እንደ ልማዱ ነው፤ አውቶቡሱ ሁለት ጊዜ ቆመ፣ ሁለት ጊዜ ወርደን በእግር ሄድን።

ማተሚያውን ጠግኜ ስጨርስ የፕሮጀክቱ ዕቃ የት እንደገባ ጠየቅሁ። ወደ አንድ ግምጃ ቤት መሩኝ። ግምጃ ቤት ኀላፊው ወደ ስልሳ የተጠጉ፣ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው የቆለፉ ሰው ነበሩ።

«ከገብስ ጥናቱ የቀረች ኮምፒዩተር ትኖር ይሆን?» አልኋቸው።

«አንተም ለዚያ ሰውዬ ነው የመጣኸው?»

«ለየትኛው ሰውዬ?»

«ገና ከሚመጣው ዘመን መጣ ለሚሉት። ባለፈው ሳምንት ሁለት ሰዎች ከባሕር ዳር መጥተው ነበር። አንዱ ስልኩን ግድግዳው ላይ ለጥፎ ድምፅ ሲያዳምጥ ቆየ።»

«ምን አሏቸው?»

«ከየትኛውም ዘመን ይምጣ፣ ደብዳቤ ይዞ ይምጣ አልኋቸው።»

ኮምፒዩተሯን ማየት እንደማልፈልግ፣ የድሮ ደብዳቤዎችን ብቻ ቢያሳዩኝ እንደሚበቃኝ ነገርኋቸው። ይህን የሚከለክል ነገር አላገኙም መሰለኝ፣ አንድ አቧራ የጠጣ ማኅደር አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩልኝ። ከመጀመሪያው ደብዳቤ ግርጌ እነዚያ ሁለት ፊደላት አሉ። ከሁለተኛውም። ከሁሉም።

«እነዚህን የጻፈው ማን ነው?»

«ጸሐፊዋ ናት። ጡረታ ወጥታ አርብ ገበያ ገብታለች።» ማኅደሩን ወደ ኋላ ገለበጡት። «እሷም ስለዚህችው ኮምፒዩተር አመልክታለች። ሦስት ጊዜ።»

ሦስቱን ማመልከቻ አየኋቸው። የሦስቱም ርእስ «አሮጌ ኮምፒዩተር ስለመፈለግ» ይላል። ሦስቱም ላይ በቀይ እስክሪብቶ «በንብረት መዝገብ ላይ የለችም» ተብሎ ተጽፏል።

«ኮምፒዩተሯ እዚህ የለችም ማለት ነው?»

«እዚህ አለች» አሉኝ። «መዝገብ ላይ ነው የሌለችው። መዝገብ ላይ የሌለ ዕቃ እንዴት አድርጌ ላውጣ?»

የሚቀጥለው ዓርብ አርብ ገበያ ወረድሁ። የገበያ ቀን ስለሆነ መንገዱ በአህያና በሰው ተሞልቷል፤ ግማሹን መንገድ የተጓዝሁት ከአንድ የስንዴ ጭነት ኋላ ኋላ ነው። ቤቷን ለማግኘት አልተቸገርሁም። የወገዳዋን ጸሐፊ ስል «ያቺ ስትጽፍ ጣቷን የማታይ?» እያሉ ሁሉም ያውቋታል። በሯ ላይ በርጩማ አኑራ ምስር ትለቅም ነበር። ጸጉሯ የነጣ፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት። ስልኳ ከሰፌዱ አጠገብ ተቀምጧል።

ሰላምታ ሰጠሁና ከነፋስ መውጫ መምጣቴን ነገርኋት።

«የባትሪው ሰው ነህ?» አለችኝ።

«ነኝ። እትዬ፣ ከሁለት ሺህ አርባ ሦስት የመጡት እርስዎ ነዎት?»

ግራና ቀኝ አየች። «ግባ» አለችኝ። «እንዲህ ያለ ነገር በር ላይ አይወራም።»

ገባሁ። ውኃ ሰጠችኝ፤ ተቀመጠች። ልትክደኝ አልሞከረችም።

«የኔታ ምን አሉ?»

«እግዚአብሔር ይፍታው አሉ።»

«ተመስገን። እሱ ነበር ያሳሰበኝ። የሚመጣውን ፋሲካ ካሌንደር ሳያዩ የሚያውቁት እሳቸውን የመሰሉ ናቸው። እኔ ግድግዳው ላይ ያለውን ጻፍሁ።»

ከዚያ ነገሩን ከመጀመሪያው ነገረችኝ። የጥናቱ ባለሙያ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ደጋ ለደጋ እየዞረ፣ ገበሬውን ስለ ገብሱ እየጠየቀ በቴፕ ይቀዳ ነበር። ምን ይሉታል፣ የት ይዘሩታል፣ ለቆሎ ነው ለበሶ፣ ለጠላ ነው ለእንጀራ። እሷ ቴፑን እያዳመጠች ቃል በቃል ትጽፋለች፤ ሁለት ክረምት ጻፈች። ከተጠየቁት ገበሬዎች አንዱ ስማዳ የሚኖሩት አባቷ ነበሩ። ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ቴፑም ባለሙያውም ሄዱ፤ የታተመው ተልኮ የት እንደገባ አልታወቀም። ኮምፒዩተሯ ተቆለፈባት። አባቷም ቆይተው ዐረፉ።

«አባቴ ዝምተኛ ነበር» አለችኝ። «ለዚያ ባለሙያ ግን ሰነፍ ቆሎ ስለሚባለው ገብሱ ሦስት ገጽ አወራለት። እኔ ነኝ የጻፍሁት፣ ሦስት ገጽ ነው። እድሜ ልኩን ለእኔ ሦስት ገጽ አላወራኝም። እሱን ላነብ ፈለግሁ። ሌላ ምንም አልፈለግሁም።»

«ይህን በማመልከቻዎ ላይ ጽፈውት ነበር?»

«በሦስቱም። በሦስተኛው ላይማ ቦታ ተርፎኝ የአባቴን ዕድሜም ጨምሬበታለሁ።» መነጽሯን አወለቀች። «ከዚያ የእህቴ ልጅ ያንን ግሩፕ ስልኬ ላይ ከፈተችልኝ። ሰዉ ሁሉ ስለ አንድ ስለ ጠፋ መርከብ ሲጨነቅ አየሁ። መርከቡን አይቶት የሚያውቅ የለም። እኔ ደግሞ ያለችበትን የማውቃት ኮምፒዩተር አለችኝ። ከአርብ ገበያ ነኝ ብዬ ስጽፍ ማንም አልሰማኝም። ከሠላሳ ሰባት ዓመት በኋላ ነው የመጣሁት ስል አንተ ራስህ እዚህ ድረስ መጣህ።»

ፎቶው ላይ ያለው ወረቀት እሷ ዘንድ የቀረ አንድ ቅጠል እንደሆነ ጠየቅኋት፤ ነው አለችኝ፤ የሽንኩርት ማስቀመጫ ካርቶን ሥር አንጥፋው ኖሮ በኋላ ያገኘችው ነው። በቀኑ ሰው ይህን ያህል ይደነቃል ብላ አላሰበችም። ለግሩፑ እንዳልነግርባት ጠየቀችኝ፤ ቃል ገባሁላት። ስሰናበታት ያላለቀውን ምስር ወደ በር መለሰችው።

ግምጃ ቤት ኀላፊው ይዞ ይምጣ ያሉትን ደብዳቤ ያመጣችው የእስቴዋ ሴት ናት። ማለቴ፣ ሐሳቡ የእሷ ነው። «መዝገብ ላይ የሌለ ዕቃ አይወጣም» አለችኝ በስልክ። «ግን አይጠገንም ያለ አለ?» በቤቴ ማኅተም አንድ ደብዳቤ ጻፍሁ፤ በግምጃ ቤቱ የምትገኝን አንዲት ኮምፒዩተር፣ ከቦታዋ ሳትነቃነቅ፣ ያለ ዋጋ ለመመርመርና ለመጠገን የቀረበ ጥያቄ ይላል። በደብዳቤው ከእኔ ሌላ ሁለት ረዳቶች ተጠቅሰዋል። ግምጃ ቤት ኀላፊው ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ ማኅተሙን ወደ ብርሃን አንሥተው አዩት፤ ማኅደሩ ውስጥ አስገቡትና ቁልፋቸውን አነሡ።

የሰኔ ቅዳሜ ነበር። እኔ በነፋስ መውጫ በኩል፣ ጸሐፊዋ ከአርብ ገበያ፣ የእስቴዋ ሴት በእስቴ በኩል ወገዳ ላይ ተገናኘን። የእስቴዋን ሴት ከዚያ በፊት አይቻት አላውቅም። በስልክ ረጅም ሴት ትመስለኝ ነበር፤ አጭር ናት፣ ጃንጥላዋ የእሷን ያህል ነው። «ቀጭን መስለኸኝ ነበር» አለችኝ።

ኮምፒዩተሯ ከማዳበሪያ ከረጢትና ከአንድ ጥቅል የአጥር ሽቦ ጀርባ ነበረች። ቢጫ ሆናለች። ከፍቼ አቧራዋን ጠረግሁ፤ የአይጥ ጎጆ አወጣሁ፤ የላላ ሽቦ አጠበቅሁ። ሰካሁና ቁልፏን ጫንሁ። ጸጥ አለች። ደገምሁት። ምንም የለም።

«ፈቀቅ በል» አለችኝ ጸሐፊዋ። ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ሰብሰብ አደረገችና ግራ ጎኗን በመዳፏ መታች። ሁለተኛ መታች። በሦስተኛው ውስጧ የሆነ ነገር ሲሽከረከር ተሰማ፤ መስታወቷም ላይ አረንጓዴ ጽሕፈት ወጣ። ቀኑን ትጠይቃለች፤ በእሷ ቤት 1980 ነው። ጸሐፊዋ ከቦርሳዋ እርሳስ አወጣች፤ የዕለቱን ትክክለኛ ቀን ሞላችላት። «ያኔም ጠዋት ጠዋት የማደርገው ይህንን ነበር፤ የረሳሁ ቀን የታተመው ሁሉ 1980 ይላል» አለች።

የአባቷን ፋይል ለማግኘት ብዙ አልፈጀባትም፤ ሁሉንም በቁጥር ታውቃቸዋለች። ተከፈተ። እኛ ወደ ኋላ ቆምን። እሷ ግን ሳትቀመጥ አነበበችው። ከዚያ ወደ ታች ሄደች፣ ወደ ላይ ተመለሰች፣ እንደገና ወደ ታች ሄደች።

«ሦስት ገጽ ነበር» አለች።

አየሁት። አንድ ገጽና ሩብ ነው። ተቆርጦ እንደሆነ ፈተሽሁ፤ አልተቆረጠም። መጨረሻው ላይ «እንግዲህ ይኸው ነው፣ በቃኝ» ብለው የዘጉት ራሳቸው ናቸው።

እንዲህ ይላሉ፦ «ይህ ሰነፍ ቆሎ ከአባቴ ነው የመጣ። ሰነፍ የተባለ ገለባው በቀላል ስለሚለቅ ነው፤ ሰነፍ ሰው እንኳ ሳይደክም ቆልቶ ይበላዋል። ውርጭ አይፈራም። በቅሎ ግን ይፈራል።» ከዚህ በኋላ ያለው ከግማሽ በላይ፣ የጎረቤት በቅሎ ማሳው ገብታ ስላደረሰችው ጥፋት ነው። በየት በኩል እንደገባች፣ ስንት ነዶ እንዳበላሸች፣ ጎረቤቱ ሲጠየቅ ምን እንዳለ። ከገብሱ ይልቅ በቅሎዋ በዝታለች።

ጸሐፊዋ እስከ መጨረሻው ድረስ ሦስት ጊዜ ያህል አነበበችው። አላለቀሰችም። አንድ ቦታ ላይ ሳቀች፤ «እንዲህ ነው የሚናገር» አለች። የእስቴዋ ሴት ጃንጥላዋን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋች። ግምጃ ቤት ኀላፊው በሩ ላይ ቆመው ስለነበር «ምን ይላል?» አሉ፤ ጸሐፊዋ ከመጀመሪያው ጀምራ አነበበችላቸው። እስኪያልቅ አዳመጡና «በቅሎ እንዲሁ ናት» አሉ።

ዲስኬቶቹ ሻግተዋል፤ የእኔ ላፕቶፕ ደግሞ የዲስኬት አፍ የለውም። ለማተም ብንል አብሯት የነበረው ማተሚያ ቀለሙ ደርቋል። ጸሐፊዋ ላፕቶፔን ወደ ራሷ ሳበችው። ከአሮጌዋ ላይ እያነበበች በአዲሱ ላይ መጻፍ ጀመረች፣ ያን ጊዜ የጻፈችውን ራሷን እየገለበጠች። መጀመሪያ የአባቷን ጻፈች። ከዚያ እጇን አላነሣችም፤ ወደሚቀጥለው ገበሬ አለፈች። በልጋ፣ ማውጌ፣ ጥቁር ገብስ የሚባሉ ዘሮች፤ የእስቴው ሰውዬ፣ የላይ ጋይንቷ ባልቴት። አራት ቅዳሜ ተመላለስን። ግምጃ ቤት ኀላፊው በሁለተኛው ቅዳሜ ወንበር አመጡላት፤ በሦስተኛው ባቄላ ቆልተው መጡ። በአምስተኛው ቅዳሜ ኮምፒዩተሯን ማንም መትቶ ሊያስነሣት አልቻለም። ጥቂት ገበሬዎች እዚያው ውስጥ ቀሩ። ጸሐፊዋ ከቀሩት መካከል የአንዱን ከትዝታዋ ልትጽፈው ትችል እንደሆነ ጠየቅኋት። «ሦስት ገጽ ብዬህ አልነበረም?» አለችኝ። «በእኔ ትዝታ አትመን።»

ለግሩፑ የሆነ ነገር መናገር ነበረብኝ። «ኮምፒዩተሯ ተገኝታለች። ጠያቂው የሚፈልገውን ወስዷል» ብዬ ጻፍሁ። አንድም ውሸት የለበትም። ከዚያ በኋላ ሰውዬው ጽፎ ስለማያውቅ፣ ወደ ዘመኑ መመለሱን ሁሉም አመነ። ተጠራጣሪው የጥገና ሰው ራሱ እንኳ መሰከረ ተባለልኝ። ሰድቦኝ የነበረው ሰው በአደባባይ ይቅርታ ጠየቀኝ። አራሚነቴን በዚያው ተውሁት፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ጥላ የጻፍሁት ነገር የለም።

ኅዳር ላይ፣ አጨዳው ሲያልቅ፣ ሦስታችን ስማዳ፣ የጸሐፊዋ ወንድም ዘንድ ሄድን። የአባታቸውን መሬት የሚያርሰው እሱ ነው። ገብስ እየወቃ ነበር፤ በሬዎቹን አቁሞ መጣ። እህቱ የታተመውን ወረቀት አወጣችና አውድማው ዳር ላይ አነበበችለት። ጅራፉን ጭኑ ላይ አጋድሞ አዳመጠ።

«ይህ ሰነፍ ቆሎ ጠፍቷል ወይ?» ብላ ጠየቀችው የእስቴዋ ሴት።

«የቱ?» አለ። በጅራፉ አውድማውን አሳያት። «ይኸው የሚወቃው እሱ ነው። ጠፋ ያለው ማን ነው?»

ጸሐፊዋ ወደ ሌላ አቅጣጫ አየች።

ወንድሟ ግን በሐሳቡ አንድ ነገር ቀርቶበት ነበር። «በቅሎዋ ላይ አባባ ተሳስቷል» አለ። «የጎረቤት አይደለችም። የእኛው ናት። እኔ ነኝ ፈትቼ የለቀቅኋት። እንዳይመታኝ የጎረቤት ናት አልሁት። አርሚው።»

«አላርመውም» አለችው። «እሱ ያለውን ነው የጻፍሁት።»

«ጎረቤታችን ዐርፏል፤ ልጆቹ ግን አሉ። አባታችሁ በቅሎ ሰዶብን ነበር ይባላሉ።»

ተከራከሩ። እሷ ጸሐፊ የሰውን ቃል አይነካም አለች፤ እሱ የሰው ስም እንዲሁ አይጠፋም አለ። በመጨረሻ እርሳሷን አውጥታ ከወረቀቱ ግርጌ፣ በቅሎዋ የቤተ ሰቡ እንደነበረች ልጃቸው መናገሩን በአንድ መስመር ጻፈች። አነበበችለት፤ ይሁን አለ።

ስንነሣ ከአውድማው ላይ አንሥቶ ለየአንዳንዳችን በጨርቅ ቋጠረልን። ሚስቱ ደግሞ ለመንገድ የተቆላ ሰጠችን። እስከ ወገዳ ድረስ ስንሄድ በላነው። ገለባው በቀላሉ ይለቅቃል፤ ጥሩ ቆሎ ነበር።